ቼኩ ፊርማ ላይ ነው

የሂሳብ አማካሪነት ቢሮ ከከፈትኩ ወዲህ እንደ «ቼኩ ፊርማ ላይ ነው» ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ቫውቸሩ ተዘጋጅቷል፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ፈርማለች፣ ሁለተኛው ፈራሚ ግን ስብሰባ ገብቷል። ወይም ሐዋሳ ሄዷል። ወይም ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ወረቀት መሃል የእኔን እስኪያገኛት ሰኞ ይደርሳል፣ ሰኞ ደግሞ በዓል ነው። እኔም ተቀጣሪ ሳለሁ ለዕቃ አቅራቢዎች ይህንኑ ስናገር ስለኖርኩ የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ስለ ማማከር ሥራ ሲወራ የሚነሳው እውቀትና ልምድ ነው። እሱ የሌለው ሰው ከበር ስለሚመለስ ክርክር የለኝም። ግን ተቀጥሮ ጥሩ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ የራሱን ቢሮ ሲከፍት የሚያስጨንቀው የሚያውቀው ሥራ አይደለም። ዋጋ መጥራት፣ ውል መጻፍ፣ ገንዘብ መሰብሰብ ነው። እነዚህን ደሞዝተኛ ሆኖ የተማራቸው የለም። ደሞዝ ወር ሲያልቅ ይገባል፤ ማንም ሄዶ «እባካችሁ ክፈሉኝ» ብሎ አያውቅም።

እኔ ሥራዬን የለቀቅኩት በ2011 ነው። ጊዜው ለሙያችን ጥሩ ነበር። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ እኛ በአጭሩ አይኤፍአርኤስ በምንለው፣ እንዲያዘጋጁ ግዴታ መጣ። የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። መጀመሪያ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ገቡ፣ ተራው እያደር ወደ መካከለኛ ድርጅቶች ወረደ። ትልልቆቹን ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች ያዟቸው፤ መካከለኞቹ ግን ሂሳባቸው ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ማብራሪያው በኤክሴል፣ ትክክለኛው ቀሪ ደግሞ በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ስለነበር ብዙ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። እኔም እዚያ ገባሁ።

ስለ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ብዙ አልልም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ያኔ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠየቅ ስለነበር ብዙ ባለሙያ የሚስቱን ወይም የእህቱን ስም በጥቂት ድርሻ አስገብቶ ነበር የሚመዘገበው። ያ ካልሆነ በግለሰብ ነጋዴነት መሥራት ነው፤ ቢሮው ዕዳ ውስጥ ቢገባ ቤትህም መኪናህም ተጠያቂ ነው ማለት ነው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ስለፈቀደ ዛሬ የሚጀምር ሰው ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል። ማንም በምክር ሥራ የሚሰማራ ሰው በግለሰብ ስም እንዳይጀምር እመክራለሁ፤ የምንፈርምበት ወረቀት ባንክም ገቢዎችም ፊት የሚቀርብ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዱ፣ ደንበኛ ከተባሉ፣ መርካቶ የሕንፃ ዕቃ የሚያስመጡ አዛውንት ነበሩ። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያገናኘን። ከሱቃቸው በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ሻይ አዘዙልኝና፦

«እስቲ ልጄ፣ ይሄ አዲስ ነገር ምንድነው? ሂሳብ ሹሜ ቀንና ሌሊት ያስፈራራኛል» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚያ ጥግ ያለው ቧንቧ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረ እሱ ቆይቷል። ፋሽኑ አለፈበት።»

«መዝገብዎ ላይ ስንት ብር ነው?»

«በገዛሁበት ነዋ!»

ከዚህ ተነስተን ለገበያ የማይፈለግ ዕቃ ሊሸጥ በሚችልበት ዋጋ ዝቅ ብሎ መመዝገብ እንዳለበት አስረዳኋቸው። ወደዱት። ስለ ተሰብሳቢ ሂሳብ ጠየቁ፤ መለስኩ። ስለ ሕንፃቸው ጠየቁ፤ መለስኩ። ሂሳብ ሹሙን ጠርተው «ጻፍ» አሉት፤ ጻፈ። ሻዩ ተደጋገመ። ስነሳ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ክፍያ የሚባል ነገር በመካከላችን አልተነሳም።

ሰውየውን ማማት ነውር ነው። ምክር በአገራችን ሽማግሌ ያለ ዋጋ የሚሰጠው፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚለግሰው ነገር ነው። ቡና ላይ የተጠየቀ ሐኪም ስለ ራስ ምታት ያስረዳል፣ ጠበቃ ስለ ውርስ ያስረዳል፤ ገንዘብ ቢጠይቅ ስሙ ይጠፋል። እኚህ ሰው በዚሁ ባህል ነው ያስተናገዱኝ። ኋላ ባንክ ብድር ሲጠይቁ ግን በአዲሱ ደረጃ የተዘጋጀና ኦዲት የተደረገ ሂሳብ አምጡ ተባሉና ደወሉ። ማዘጋጀቱ የእኔ፣ ኦዲቱ የሌላ ሰው እንደሚሆን ነግሬ ዋጋዬን ጠራሁ። ትንሽ ተከራከሩና ተስማሙ። እኔ ያው እኔ ነኝ፣ የማውቀውም ያው ነው። ልዩነቱ አሁን የሚረከቡት ወረቀት መኖሩና ወረቀቱን የሚጠይቃቸው ሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው።

ለምክር የማይከፍል ሰው ለሰነድ ይከፍላል። ከዚያ ወዲህ በማቀርበው ፕሮፖዛል ላይ «የማማከር አገልግሎት» የሚል መስመር ዋጋ ይዞ አይወጣም። የሚወጣው የቋሚ ንብረት መዝገብ፣ የሂሳብ ፖሊሲ መመሪያ፣ የመነሻ ቀሪ ሂሳብ፣ የሠራተኛ ሥልጠና ነው፤ እያንዳንዱ ገጹና ማስረከቢያ ቀኑ ያለው። የመጀመሪያው ውይይት አሁንም በነጻ ነው። ችግሩ የት እንዳለ ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ እንዴት እንደሚፈታ ግን በውል ነው።

ሥራው ራሱ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ሰው ሂሳብ ሲባል ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር መደመር ይመስለዋል። ቃሊቲ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ግቢ ውስጥ ንብረት ስንቆጥር እኔ ዝርዝሩን ይዤ፣ አንድ ልጅ ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ እየለጠፈ፣ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቁልፍ እያንቃጨለ ከኋላ ይከተለናል። ብዕርና ሰሌዳ የያዘ ሁሉ እዚያ ግቢ «ኢንጅነር» ነው። ከጋራዡ አጠገብ ቀለሟ የለቀቀ፣ ጎማዋ ግን አዲስ የሆነ አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና ቆማለች። ሾፌሩ ከሥሯ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«ኢንጅነር፣ የኔን ስንት አላችኋት?»

«መዝገቡ ላይ 1 ብር ነች።»

«1 ብር?» አለ፤ ዘወር ብሎ አያት። «በሉ ለኔ ሽጡልኝ፣ አሁን ልክፈል!»

የእርጅና ቅናሹ ካለቀ ዓመታት ያለፉት ንብረት ከመዝገብ እንዳይጠፋ 1 ብር ተብሎ ይቀመጣል። መኪናዋ ግን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ታመላልሳለች፣ ለባለቤቱ ገንዘብ ታስገባለች። አዲሱ ደረጃ መጀመሪያ ሲተገበር እንዲህ ያለውን ንብረት በወቅቱ ተገቢ ዋጋው መነሻ አድርጎ መመዝገብ ስለሚፈቅድ የብዙ ድርጅት ሀብት በወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ያብጣል። ባለቤቶቹ ይደነግጣሉ፤ ግብር ይጨምርብናል ብለው። የሥራው ግማሽ እነሱን ማረጋጋት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ማግኘት ነው፤ ከጣሪያው ሥር የተቀመጠ ጄኔሬተር፣ ማን እንደገዛው የማይታወቅ ኮምፕሬሰር። ስለዚህ ለንብረት ቆጠራ ዋጋ የምሰጠው ፋይናንስ ክፍሉ የላከልኝን ዝርዝር አይቼ አይደለም፤ ግቢውን ዞሬ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ለጀማሪዎች ሁሌ የምደግመው ስሌት አለ። 30,000 ብር ደሞዝ የነበረው ሰው በወር 22 የሥራ ቀን ቢይዝ በቀን 1,364 ብር ገደማ ይመጣለታል፤ ይሉኝታው ተጨምሮበት 1,500 ይጠይቃል። ነገር ግን ከ22ቱ ቀን ግማሹ ፕሮፖዛል ሲጻፍ፣ ጨረታ ሰነድ ሲገዛ፣ ገቢዎች ሰልፍ ላይ፣ ደንበኛ ደጅ ላይ ነው የሚያልቀው። ግማሹ ብቻ የሚከፈልበት ከሆነ ያንኑ የድሮ ደሞዝ ለማግኘት በቀን 2,727 ብር ያስፈልጋል። የቢሮ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔት፣ ሥራ የሌለበት ወር፣ ቀድሞ አሠሪው ይከፍልለት የነበረው ጡረታ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሁሉ ደምሮ 4,000 የሚል ሰው ስግብግብ አይደለም። 1,500 ያለው ግን ዓመቱን ሳይጨርስ ወደ ቅጥር ይመለሳል፤ በዚያ ላይ የሌላውንም ገበያ አበላሽቶ ነው የሚሄደው።

«ቀንስልኝ» ሁልጊዜ አለ። አንዳንድ ባልደረቦቼ አስቀድመው ጨምረው ይጠሩና ኋላ ይቀንሳሉ፤ መርካቶ ጫማ ሲገዛ የሚደረገው ማለት ነው። እኔ አልወደውም። አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት የቀነሰ ሰው ሲቀንስ ይኖራል። የምለው «ዋጋ አልቀንስም፣ ሥራ እቀንሳለሁ» ነው፤ ሥልጠናው ይውጣ፣ መመሪያውን እናንተ ጻፉትና እኔ ልየው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ሙሉውን ያዛል።

አሁን ወደ ቼኩ። የመጀመሪያ ዓመት የማማከር ቢሮን የሚገድለው የሥራ እጦት ነው ይባላል፤ እኔ ያየሁት ሥራ እያለው የሚሞተውን ነው። ምክንያቱም ቫት አለ። 400,000 ብር የሚያወጣ ሥራ ጨርሰሃል እንበል። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 460,000 ይሆናል። ደንበኛው «ደረሰኝ ካልቀረበ ቼክ አይዘጋጅም» ይላል፤ ጥር ላይ ትቆርጣለህ። የጥር ቫት እስከ የካቲት መጨረሻ ለገቢዎች መከፈል አለበት። ደንበኛው የሚከፍለው ግን ግንቦት ነው። 60,000 ብሩን፣ ገና ያላየኸውን ገንዘብ፣ ከኪስህ ከፍለሃል። ብዙ የጨረታ ሰነድ የቫት ሰርተፊኬት ስለሚጠይቅ አልመዘገብም ማለት ደግሞ ገበያውን ለሌላ መተው ነው። ቼኩ ሲወጣም 400,000 ላይ ያኔ 2 በመቶ የነበረው ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከፋዩ ለግብር አስቀድሞ የሚያስቀረው፣ 8,000 ብር ተቆርጦ ነው። የተቆረጠበትን ደረሰኝ እዚያው ካልተቀበሉት ዓመታዊ ግብር ላይ ለማቀናነስ ማስረጃ አይኖርም። ቼኩን ይዞ በደስታ ደረሰኙን ረስቶ የሚወጣ ሂሳብ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ለሌላው ሲሆን ግን አንድ ሳንቲም አያልፈውም።

ጊዜውም የራሱ ጠባይ አለው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ሂሳቡን አቅርቦ መክፈል ስላለበት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የእኛ ስልክ አያርፍም፤ እንቁጣጣሽን በኤክሴል ፊት የሚያከብር ሙያ ነው። ኅዳር ሲገባ ዝም ይላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆንበት ግንቦትና ሰኔ ላይ ይነቃል፤ ዓመቱን ሙሉ የተኛ የክፍያ ጥያቄ በሰኔ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ሰኔ 30 ያለፈው ግን ወደ አዲሱ በጀት ይሻገራል፤ አዲሱ በጀት ደግሞ ተከፋፍሎ እስኪለቀቅ ዝናቡ ያልፋል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ስዋዋል የመጨረሻው ክፍያ የሚወድቅበትን ወር አሁን ከዋጋው እኩል አየዋለሁ።

ገንዘብ መሰብሰብ ላይ ደጅ መጥናት የሚለውን ቃል ሰው ለሹመት ፈላጊ ይጠቀምበታል፤ አማካሪም ከዚያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋ መደወል ዋጋ የለውም፤ እሱ ቼኩ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቁት ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዧ ናቸው። የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይወሰዳል፣ አንደኛው መዝገብ ቤት ይገባል፣ በሁለተኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረጋል። ያቺ ማኅተም ያረፈባት ቅጂ ከሌለች «ደብዳቤው አልደረሰንም» የሚባል ነገር አለ፤ ክርክር አያዋጣም። በኢሜይል ልኬዋለሁ የሚል ወጣት ገና አልገባውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጠቀመኝ በውል ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት። ብዙ ውል የመጨረሻው 30 በመቶ «ሪፖርቱ ተቀባይነት ሲያገኝ» ይከፈላል ይላል። ተቀባይነት መቼ ይገኛል? ማን ይሰጣል? ኮሚቴው ካልተሰበሰበስ? እኔ የማስገባው፦ «ደንበኛው ሪፖርቱን በተረከበ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልሰጠ ሪፖርቱ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል ነው። ማንም ተቃውሞት አያውቅም፤ ውሉን ሲፈርም ሁሉም በ15 ቀን አስተያየት እንደሚሰጥ እርግጠኛ ነው።

ሥራ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ከድሮ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ከድሮ ተማሪ ቤት፣ አንዳንዴም ከለቅሶ ቤት። አትሳቁ። ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች የሥራ ነገር ያነሳሉ። ቢዝነስ ካርድ ማውጣት ግን ነውር ነው፤ ስም ተነግሮ፣ በሠልስቱ ማግስት ይደወላል። ሲያዩት ትውውቅ ሙስና ይመስላል፤ እኔ አይመስለኝም። ሂሳቡን ገልጦ ለማያውቀው ሰው የሚያሳይ ነጋዴ የለም፤ አንድ ሰው ዋስ መሆን አለበት።

በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ያየነው ጥር 2017 ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ በቀናት ውስጥ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች ሥራ አቁሙ የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ከሙያ ባልደረቦቼ መሃል ገቢያቸው በሙሉ ከነዚያ ፕሮጀክቶች የነበሩ አሉ፤ በዶላር የታሰበ የቀን ክፍያ፣ በጊዜው የሚከፍል ደንበኛ፣ ጥሩ ሪፖርት የሚያከብር አለቃ። እኛ የመርካቶ ነጋዴ ስንለማመጥ በእነሱ እንቀና ነበር። ጥሩ ደንበኞች ነበሩ፤ ጉዳቱ ሁሉም አንድ ምንጭ መሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሶፍትዌር ጨምረን በብር ዋጋ የሰጠንባቸው ፕሮፖዛሎች ደንበኞች መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ የእያንዳንዱ ፕሮፖዛል ግርጌ «ይህ ዋጋ ለ30 ቀን ብቻ የጸና ነው» ይላል።

የመጀመሪያዋን ሠራተኛ ስቀጥር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የእኔ ደሞዝ ቢዘገይ ቤቴ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ የእሷ ግን ወር ሲያልቅ መውጣት አለበት፣ በላዩ ላይ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ መዋጮ አለ፣ የሥራ ግብር አለ። ቼኩ ፈራሚ ቢያጣም ባያጣም። ልጅቷ ሂሳብ ጎበዝ ናት፤ ከሂሳቧ ይበልጥ ግን የጠቀመኝ ይሉኝታ የሌላት መሆኗ ነው። እኔ «ደህና ዋላችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» እያልኩ አሥር ደቂቃ የምፈጀውን እሷ «ስለ ክፍያችን ነበር፤ መቼ ልምጣ?» ብላ ትጨርሰዋለች። ሰዎቹ አይቀየሟትም። እንዲያውም እኔ ስደውል «ልጅቷ አልነገረችህም እንዴ?» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት የውላችንን ቅጽ እንደገና የጻፈችው እሷ ናት። ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተቀመጠው 9 በመቶ ዓመታዊ ወለድ እንደሚታሰብ የሚገልጽ አንቀጽ ጨመረችበት። ሕጉ ላይ ያለ ነገር ነው፣ አዲስ አልፈጠርንም፤ ቢሆንም በወረቀት ሲያዩት ደንበኞች ፊታቸው ይለወጣል፣ «በእኛ መሃል ይሄ ምን ያደርጋል?» ይላሉ፣ ይሰርዙታል። እስካሁን ሳይሰርዝ የፈረመው አንድ ድርጅት ብቻ ነው፤ እሱም ደረሰኝ በተቆረጠ በሳምንቱ የሚከፍለው።